ዶማ ወይስ ማጭድ፣ ዩሪያ ወይስ ፍግ? ለሳሩም ለመሬት ትሉም የሚበጀውን መምረጥ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ግቢያችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ሦስት ቤተሰብ እንጋራዋለን፤ መሃሉ ላይ ሳር አለ። አንዱን ጉድጓድ መኪና የሚቆምበት ጥግ ላይ፣ ሌላውን አቮካዶው ሥር ቆፈርኩ። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 20፣ ጥልቀቱም 20 ሳንቲ ሜትር። አፈሩን ባዶ ማዳበሪያ ላይ ዘርግቼ በእጄ እየፈረፈርኩ ትል ለቀምኩ።

ከመኪናው ጥግ 2 ትል ወጣ። ከአቮካዶው ሥር 19።

ጎረቤታችን እማማ በረንዳቸው ላይ ቡና እየቆሉ ያዩኝ ነበር። "ምን ጠፍቶብሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። "ትል እየቆጠርኩ ነው እማማ" ስላቸው ምጣዱን ከእሳቱ አውርደው መጡ። አንዱን አንስተው መዳፋቸው ላይ አደረጉት። "አባቴ መሬት ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ይኼን ነበር" አሉ። ከዚያ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ብለው ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ቆጠራ ነው። ሳሩ ቢጫ የሆነበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ምን ልጨምርበት?" ብሎ ነው። ዩሪያ የሚል አለ፣ ፍግ የሚል አለ፣ ሁሉንም ገልብጦ አዲስ መትከል ነው የሚልም አለ። እኔ ምርጫዎቹን የማወዳድረው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኼን ባደርግ ከሥር ያሉት ትሎች ይበዛሉ ወይስ ያልቃሉ? ሳር በሁለት ሳምንት ሊያምር ይችላል። አፈር ግን የሚጎዳውም የሚያገግመውም ቀስ እያለ ነው፤ ያን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳየው ትሉ ነው።

ትሎቹ ምን ይሠራሉ?

የመሬት ትል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ፣ ከወዳደቀ ቅጠልና ከእበት ሥር የሚኖር አለ። በሳሩ ሥር መካከል አፈር እየበላ ወደ ጎን የሚሄድ አለ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ መተላለፊያ ቆፍሮ ይኖራል፤ ማታ ብቅ ብሎ የደረቀ ሳር ወደ ውስጥ ይጎትታል። የክረምት ዶፍ ሲወርድ ብዙ ውሃ የሚሰርገው በዚህ በሦስተኛው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከሌለ ውሃው ሳሩ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ወይ ወደ ጎረቤት ይፈሳል።

ቻርልስ ዳርዊን እንግሊዝ ውስጥ ቤቱ አጠገብ በነበረ የሳር መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ1842 የተሰባበረ ነጭ የኖራ ድንጋይ በተነ። ከዚያ 29 ዓመት ጠበቀ። በ1871 ቦይ አስቆፍሮ ሲያይ ድንጋዩ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከአፈሩ ውስጥ ነጭ መስመር ሠርቶ አገኘው። ማንም አላረሰውም። ትሎቹ ከሥር አፈር እያወጡ ላዩ ላይ ሲያስቀምጡ ድንጋዩ ተቀበረ።

ጠዋት ሳሩ ላይ የምታዩዋት ያቺ የተጠቀለለች ጥቃቅን የአፈር ክምር የዚሁ ሥራ ውጤት ናት። ቆሻሻ መስላችሁ አትጥረጓት።

ገልብጦ መትከል ወይስ ያለውን መሙላት?

እዚህ ላይ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው። ከሳሩ ግማሽ ያህሉ በሕይወት ካለ አትገልብጡት።

አትክልተኛ ስትጠሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዶማ ነው። "እትዬ፣ ይኼን ሁሉ ነቅለን አዲስ ብናደርገው ይሻላል" ይላችኋል። ለእሱ ሥራው ግልጽ ነው፣ ለእናንተም ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ዶማው ግን ትሉን ይቆርጠዋል። ለሁለት የተቆረጠ ትል ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ቢበዛ የራሱ ወገን ሊተርፍ ይችላል። ያ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ይፈርሳል። የቀሩት ፀሐይ ላይ ይወጣሉ። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ቆዳው ሲደርቅ ይሞታል። ወፎቹም ይመጣሉ፤ አፋቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ፣ ሲበሩ ግቢውን በጩኸት የሚሞሉትን ማለቴ ነው። ቀጥ ያለ ጉድጓድ የሚቆፍረው ዓይነት ለመራባት እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅበት ስለሚችል፣ አንዴ ካለቀ ቶሎ አይተካም።

መሙላት ደግሞ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ በብዛት ያለው ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ነው። ሁለቱም መሬት ለመሬት እየተጎተቱ ሥር ይሰዳሉ። ሐምሌ ላይ ከደህናው ቦታ የተሳበውን ግንድ ስንዝር ስንዝር አድርጋችሁ ቁረጡ። በተራቆተው ቦታ በቢላ ስንጥቅ አውጡና ግንዱን ከተት አድርጋችሁ በእግር ጫን በሉት። ከላይ በስሱ ኮምፖስት በትኑበት። ጥቅምት ላይ ቦታውን አታውቁትም።

ዶማው ተገቢ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። መሃል ከተማ ውስጥ ብዙ ግቢ የተደላደለው በፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ወይም በገረጋንቲ ነው። አካፋችሁ አንድ ጣት ገብቶ ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ከላይ ምንም ብትጨምሩ ትል አይኖርበትም። ያን ጊዜ ገረጋንቲውን አውጥታችሁ ለም አፈር መሙላት ነው። ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሳርም የሚያዋጣው እንዲህ ባለ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ደህና አፈር ካላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ምን እናብላው?

ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። እርጥብ አፈር ላይ ከተበተነ ሳሩ በአሥር ቀን አካባቢ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ዩሪያ መርዝ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ እንደዛ አልልም። በልክ ከሆነ ሳሩን ያበዛል፣ ሥሩን ያበዛል፤ ሥርና ደረቅ ሳር ደግሞ የትል ቀለብ ነው። ችግሩ ያለው ዓመት ካመት ሲደጋገም ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ዩሪያውን ሲለውጡት አሲድ ይፈጠራል፣ አፈሩም እየኮመጠጠ ይሄዳል። አብዛኛው የመሬት ትል ኮምጣጣ አፈር አይችልም።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ የሳር መሬት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ እስከ ዛሬ እየታጨደ የሚጠና ነው። መሬቱ በየክፍሉ ተከፍሎ የተለያየ ማዳበሪያ ሲደረግበት ኖሯል። አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው፣ ከዩሪያም ይበልጥ አሲድ የሚፈጥረው ማዳበሪያ፣ አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ሳይጨመር በተደረገበት ክፍል የአፈሩ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ከ4 በታች ወርዷል። እዚያ ትል የለም ማለት ይቻላል። የሞተው ሳር የሚበላው ስላጣ ሳይበሰብስ ላዩ ላይ እንደ ምንጣፍ ተደራርቧል። ከ1903 ጀምሮ ኖራ በተደረገባቸው ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ ምንጣፍ አይታይም። ማዳበሪያው አንድ ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው አሲዱ ነው።

የእኛ አገር ደጋ ደግሞ ከመነሻው ወደ አሲድ ያደላ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን 40 በመቶ ገደማ የአሲድ ችግር አለበት። ስለዚህ ዩሪያ ካስፈለገ በዓመት አንዴ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ በትኑ። በየወሩ አይደለም። በጋ ላይ ደረቅ ሳር ላይ ከበተናችሁት ሳሩን ያቃጥለዋል።

ዳፕና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ለእህል የተዘጋጁ ናቸው፤ ዋና ስጦታቸው ፎስፈረስ ነው። ለግቢ ሳር አያስፈልጉም፣ እለፏቸው።

ቀጥሎ የዶሮ ኩስ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሁለት ከረጢት ትኩስ የዶሮ ኩስ በርካሽ ሸጠልኝ። "ከዩሪያ ይበልጣል" ብሎኝ ነበር። ማታ በተንኩት፣ ለሊት ዘነበ። ጠዋት ስወጣ ሲሚንቶው ላይ ትሎቹ ተዘርግተው ነበር፤ ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አይቼው ሆዴ ተላወሰ። ትኩስ ኩስ ብዙ አሞኒያና ጨው አለው፤ የትልን እርጥብ ቆዳ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ሽታው ለአራት ቀን አልወጣም። ትኩስ እበትም በወፍራሙ ሲደፋ ይጎዳል፣ ግን የዶሮውን ያህል አይከፋም። ሜዳ ላይ ላም ጥላው የሄደችው እበት እንኳ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሲገለጥ ሥሩ ትል ይሞላል።

የበሰለ ፍግ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። መሃል ከተማ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ወተት የምትገዙበትን ቤት ጠይቁ። አሁንም ጓሮ ውስጥ አንድ ሁለት ላም የያዙ ሰዎች አሉ፤ ፍጉ ለእነሱ ሸክም ነው። የበግና የፍየል በጠጥም ጥሩ ነው። ሸራ አልብሳችሁ ሦስት አራት ወር አቆዩት። መብሰሉን የምታውቁት እጃችሁን ስትከቱበት ሙቀት ከሌለው፣ የእበት ሽታው ጠፍቶ የዝናብ አፈር ከሸተተ፣ በጣት ሲነካም እንደ ቡና ዱቄት ከፈረሰ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ሳሩ እየታየ በስሱ በትኑት። ዩሪያ የሚያሳያችሁን አረንጓዴ በአሥር ቀን አያሳያችሁም። አንድ ሁለት ወር ይፈልጋል። ግን የሚመገበው ሳሩ ብቻ ሳይሆን ትሉም ነው፣ አፈሩንም አያኮመጥጠውም።

ኮምፖስት ከፍጉ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ድካሙ ነው። የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ሳር ሁሉ ይሆናል። ዘይትና ጨው የነካው ወጥ አይግባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ትልም አይወደውም። ገራባም እኔ አልጨምርም፤ ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ገበሬዎች ስላሉ ምን እንደተረጨበት ማወቅ አይቻልም።

ፀረ ተባይ ካነሳን አይቀር፣ ለጽጌረዳ የሚረጨውን የሻጋታ መድኃኒት ማሸጊያ አንብቡ። ካርቤንዳዚም የሚል ካለበት ሳሩ አጠገብ አትርጩት። ይህና ዘመዶቹ ለመሬት ትል በጣም ከሚከፉት መድኃኒቶች ናቸው።

ማጨድና በግ

ሳሩን ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። መሬት ድረስ የተላጨ ሳር ሥሩም ያጥራል። የታጨደው አጭር ከሆነ እዚያው ይቅር። በየሳምንቱ ጠርጎ በከረጢት ለቆሻሻ መኪና መስጠት የትሉን ምሳ መስጠት ነው። ረጅምና ወፍራም ከሆነ ግን ታፍኖ ስለሚሸት ወደ ኮምፖስቱ ውሰዱት።

ለበዓል የተገዛው በግ አንድ ሳምንት ሳሩ ላይ ቢታሰርስ? ምንም አይደለም፣ በጠጡም ይጠቅማል። ችካሉን ግን በየቀኑ አንቀሳቅሱ። አንድ ቦታ ከከረመ በግ በኋላ የሚቀረውን ክብ አይታችሁት ታውቃላችሁ፤ መሃሉ እንደ አውድማ ጠፍጥፎ ይደርቃል።

ሱሉልታ መሬት ላላችሁ

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት ካዛንቺስና ፒያሳ ቢሆንም፣ የቤተሰብ የሳር መሬት ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ በኩል አላችሁ። በበዓል ስትሄዱ ክርክሩ ይነሳል፤ ድርቆሽ ይሁን፣ ይጋጥ ወይስ ይታረስ?

ማረስ ለትሉ ከሦስቱ የከፋው ነው። ማረሻ ጠልቆ አይገባም፣ ያ በጎ ጎኑ ነው። ነገር ግን ለጤፍ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ትሉ ለፀሐይና ለወፍ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ የነበረው የሥር ምንጣፍም ይጠፋል። የድሮ ሰዎች በዚያ ደጋ ሳሩን ገልብጠው፣ ከምረው፣ አፈሩን አቃጥለው ገብስ ይዘሩበት ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጣል። ከዚያ መሬቱ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል፤ ምክንያቱም የተቃጠለው የትሉ ቀለብ ራሱ ነው። ጤፍ የግድ ካስፈለጋችሁ ከዳገቱ ሳይሆን ከሜዳው ጥቂቱን ቆርሳችሁ እረሱ፣ ሌላውን ሳሩን ተዉት።

ድርቆሽና ግጦሽ ሲወዳደሩ ነገሩ እንደ አያያዙ ነው። ድርቆሹ በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ታጭዶ፣ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ከመሬቱ የወጣው ምግብ በፍግ ካልተመለሰ ሳሩ ከዓመት ዓመት ይሳሳል፣ ትሉም አብሮ። ግጦሽ ፍጉን እዚያው ይተዋል። ግን ከብቱ በሐምሌ ጭቃ ከገባ ኮቴው አፈሩን ይደፍነዋል፣ የትሉን መንገድ ይዘጋዋል። የሱሉልታ ሰዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ጥሩ መላ አለ፤ ክረምቱን ይከልሉታል፣ ከታጨደ በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ከብቱን ይለቁበታል። እኔ የምመርጠው ይኼን ነው። አንድ ነገር ብቻ እጨምርበታለሁ፤ ከብቱ የጣለውን እበት ሁሉ ለቅሞ ኩበት ማድረግ ቢቀነስ። ማገዶ በሌለበት ቤት ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግማሹን እንኳ መሬቱ ላይ መተው ለውጥ አለው።

ከብቱ የውስጥ ትል መድኃኒት የሚወጋ ከሆነም ይኼን እወቁ። አይቨርሜክቲን የተሰጠው ከብት እበት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒቱ ይወጣል። የመሬት ትሉ ብዙ አይጎዳበትም፤ እበት የሚቀብሩት ጢንዚዛዎች ግን እጫቸው ይሞታል። ከብቱን ማሳከም የግድ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ለብቻ አንድ ጥግ ማቆየት ግን ይቻላል።

ኖራ ወይስ አመድ?

የሞተ ሳር ሳይበሰብስ ከተደራረበና ትል ከጠፋ አሲድ ጠርጥሩ። ትልቅ መሬት ከሆነ አፈሩን አስመርምራችሁ የግብርና ኖራ ግዙ። ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ ሌላ ነው፤ የተቃጠለ ስለሆነ ትሉንም እጃችሁንም ይልጣል። የግብርናው እንዲሁ የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሠራል።

ለትንሽ ግቢ የከሰልና የእንጨት አመድ ይበቃል። እማማ የቡናውን አመድ በቆርቆሮ ያጠራቅሙልኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ዱቄት እንደሚነሰነስ በስሱ እበትነዋለሁ። አንድ ቦታ መድፋት ሳሩን ያቃጥላል።

ቀይ ትል ልግዛ?

በቅርቡ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይኼን ነው። ለኮምፖስት የሚሸጠው ቀይ ትል ኢሴኒያ ፌቲዳ ይባላል። የሚኖረው በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ክምር ውስጥ ነው። ሳሩ ላይ ብትለቁት ቀለቡን ስለማያገኝ ይሞታል ወይ ይሄዳል። ሳጥን ውስጥ አርቡትና እሱ ያዘጋጀውን ኮምፖስት ሳሩ ላይ በትኑ፤ ለዚያ ግሩም ነው። ለሳሩ የሚሆነው ትል ግን ከጥግ ካለው ደህና አፈር ራሱ ይመጣል፤ ምግቡን ካገኘና ካልተረገጠ።

የመኪናውን ጥግ ያዳንነውም እንዲሁ ነው። ከጎረቤቶች ጋር ተነጋግረን መኪናው ወደ ሲሚንቶው ዞረ። አፈሩን አልገለበጥነውም። በሹካ መሰል መቆፈሪያ እየወጋን ነቅነቅ ብቻ አደረግነው፤ በየቀዳዳው የበሰለ ፍግ ሞላንበት። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ስቆጥር 8 ትል ወጣ።

እናንተም ለመቁጠር ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ምረጡ። በበጋ ትሉ ወደ ታች ወርዶ ተጠቅልሎ ስለሚተኛ የሌለ ይመስላል። ሁለት ሦስት ቦታ ቆፍሩ። ያገኛችሁትን በ25 ስታበዙት በካሬ ሜትር ምን ያህል እንዳለ ይሰጣችኋል። የአቮካዶው ሥር ወደ 475 መጣ፤ የመኪናው ጥግ 50 ነበር። በጥልቁ የሚኖረውን ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አፍሱ። ስለሚያቃጥለው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ብቅ ያደርጋል። እንደወጣ ቶሎ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ስትጨርሱ ትሎቹን ሁሉ ሰናፍጭ ያልነካው እርጥብ አፈር ላይ መልሱ፣ የነቀላችሁትን ሳር እንደ ክዳን ከላይ አድርጉና በእግር ጫን በሉት።